መዝገቡን ስለማውቀው ነው

ሰሞኑን የጅማ ልጆች አንድ ጽሑፍ ሲቀባበሉ ሰነበቱ። ለእኔም ሦስት ሰው ላከልኝ። አንዱማ «አንተ ነህ እንዴ የጻፍከው?» ብሎ ጨምሮበታል። አይደለሁም። ለምን እንደጠረጠረኝ ግን ይገባኛል። ጸሐፊው ለወረቀት መዝገብ ጥብቅና የቆሙ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ የዕድሜዬን እኩሌታ የቅርስ መዝገብ ላይ አጎንብሼ ፈጅቻለሁ።

ላላነበበው በአጭሩ ልንገር። ሙዚየሞች፣ ቤተ መጻሕፍትና የባህል ቢሮዎች የያዙትን ሁሉ በአንድ የጋራ የመረጃ ሥርዓት ውስጥ ያስገቡ የሚል ሐሳብ አለ። ጸሐፊው ይህን ይቃወማሉ። መዝገቡ ይበቃናል ይላሉ። መብራትና ኔትወርክ አያስተማምንም ይላሉ። ሁሉም አንድ ቦታ ከተከማቸ በአንድ ቀን ይጠፋል፣ ሌባ ዝርዝሩን ያያል፣ አዲስ አበባ ይወስድብናል፣ ሠራተኛ ሥራ ያጣል ይላሉ። አጻጻፋቸው ያምራል። ለጅማ ያላቸው ፍቅርም አይጠረጠርም። ግን መዝገቡን ከመስታወቱ ውጪ ቆመው ያዩት ይመስለኛል። እኔ ከውስጥ ነበርኩ።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ጸሐፊው ሽፋኑ የጠነከረ፣ ገጹ በእጅ የተሰመረ፣ 40 ዓመት ያገለገለ መዝገብ አይተው ልባቸው ተነክቷል። የእኔም ይነካል። ግን ሽፋኑን አይተን አንመለስ፣ እንግለጠው።

በሠራሁበት አንድ ቤት፣ ስሙ ይቅርና፣ ሁለት ባለሦስት እግር በርጩማዎች ነበሩ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ፣ ላያቸው ከመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ፣ የጅማ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ የሚያውቃቸው ዓይነት። ስትገለብጣቸው ከሥራቸው በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። የሁለቱም ቁጥር 47 ነው። እንዴት ሆነ? የመጀመሪያው መዝገብ ሲሞላ ሁለተኛ ተገዛ። አዲሱ መዝጋቢ ከ1 ጀመረ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወደ መዝገቡ ሄድን። አንደኛው ላይ «በርጩማ፣ 1፣ የእንጨት፣ ደህና» ይላል። ሁለተኛው ላይ «ዱካ፣ 1፣ የእንጨት፣ ደህና»። ፎቶ የለ፣ ልኬት የለ። የትኛው ነው በርጩማው፣ የትኛው ነው ዱካው? ሌላ ገጽ ላይ በኦሮምኛው አጠራር «ባርጩማ» የሚል አለ። ሌላ ቦታ ደግሞ «የባህል መቀመጫ»። ቆጠራ በመጣ ቁጥር አራት ዓይነት ዕቃ አለን ብለን ሪፖርት እናደርግ ነበር።

መጨረሻ ላይ ጡረታ የወጡት የንብረት ክፍል ኃላፊ ተጠርተው መጡ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። አንዱን በርጩማ አንስተው ገለበጡት። እግሩ ሥር ባለች ስንጥቅ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉና «ይሄ በመኪና ሲመጣ ነው የተሰነጠቀው። እኔው ነኝ ያወረድኩት» አሉ። ክርክሩ እዚያው ላይ ቆመ። ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጸሐፊው 40 ዓመት አገለገለ የሚሉት መዝገብ ግማሹ ከእሳቸው ጋር ተቀብሯል።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር ዓለም መላ አበጅቷል። ኦብጀክት አይዲ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነ አጭር መመዘኛ አለ። ፎቶ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ከምን እንደተሠራ፣ ልኬቱ፣ ያለበት ጽሑፍ፣ ለይቶ የሚያሳውቀው ምልክት እያለ ይጠይቃል። የጋሼ ስንጥቅ የምትጻፈው ያቺ የመጨረሻዋ ቦታ ላይ ነው። የጋራ ሥርዓት ሲመጣ ይህን ሳትሞላ አታልፍም። አንድ ቁጥር ደግሞ ሁለት ጊዜ አይቀበልህም። በርጩማን ምን ብለን እንደምንጠራውም ጅማና አዲስ አበባ ቁጭ ብለው መስማማት ግድ ይሆንባቸዋል።

አንድ ሌላ ልጨምር፣ ይቺ ሁሌም ታስቀኛለች። በጅማና በዙሪያዋ በየሼኾቹ ቤትና በየመስጊዱ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የእጅ ጽሑፎች አሉ። ቋንቋቸው ዐረብኛ የሆነ አለ፣ ኦሮምኛ የሆነም አለ። የአንዱ መጨረሻ ገጽ ላይ የገለበጠው ሰው የጨረሰበትን ዓመት 1311 ብሎ አስፍሯል። በሂጅራ፣ በእስልምናው አቆጣጠር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. 1893 ወይም 1894፣ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ነግሠው ሳለ። የእኛ መዝጋቢ ግን ሳይጠራጠር «1311 ዓ.ም.» ብሎ ጻፈው። መጽሐፉን በአንድ ብዕር 575 ዓመት አስረጅቶ ዓምደ ጽዮን ዘመን አደረሰው። እኛም ጎብኚ በመጣ ቁጥር እንደ ተጻፈው እናነብለት ነበር። ጎብኚው አፉን ከፍቶ ይሰማናል። ቀን ሲያስገቡ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብሎ የሚጠይቅ ፎርም ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው ባልተሸወደ።

ሁለተኛው የመብራትና የኔትወርክ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊውን አልከራከርም። መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ለጅማ ሰው አይነገርም። በ2012 ክረምት ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበርም አልረሳሁም። ግን ኔትወርክ ሳይኖር ላፕቶፕ ላይ መዝግበህ፣ ሲመለስ የሚልክ ሥርዓት መሥራት ይቻላል። እንደዚያ ካልተሠራ አንቀበልም ማለት መብታችን ነው። ወረቀት ደግሞ ጅማ ውስጥ የባሰ ጠላት አለው። ሐምሌ ላይ የከደንከውን መዝገብ መስከረም ላይ ስትገልጠው ገጹ ከገጹ ተጣብቆ፣ ሻጋታ ሻጋታ እያለ ነው የሚጠብቅህ። ከዚያ የተረፈውን ምስጥ ይረከበዋል።

ሦስተኛው ያስፈራል፣ መፍራታቸውም ልክ ነው። እንዲያውም ጸሐፊው ማስረጃ ቢፈልጉ እኔ ልስጣቸው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 መጨረሻ ራይሲዳ የሚባል የኮምፒውተር ዘራፊዎች ቡድን የለንደኑን ብሪቲሽ ላይብረሪ ኮምፒውተሮች ቆለፈ። 20 ቢትኮይን አምጡ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፈለም። ወደ 600 ጊጋባይት የሚጠጋ መረጃ ተበተነ። አንባቢ መጽሐፍ የሚፈልግበት ካታሎግ የተመለሰው በጃንዋሪ 2024 አጋማሽ ነው። ያውም ለፍለጋ ብቻ። ያን የሚያህል ቤት፣ ያን የሚያህል በጀት ይዞ ማለት ነው።

በጣም የገረመኝ ሌላ ነው። ቅጂ ነበራቸው። በኋላ ራሳቸው ባወጡት ሪፖርት እንደጻፉት ያቃታቸው ቅጂውን መልሰው የሚጭኑበት ነገር ማግኘት ነው። ብዙው ሥርዓታቸው ያረጀ ስለነበር እንደገና ማስነሳት አልተቻለም። ከዚያ ወዲህ «እኛ ጋ ባክአፕ አለ» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ዝም ብዬ አላልፍም። መልሳችሁ ጭናችሁ ሞክራችኋል? መቼ? ማን ነበር የሞከረው? ብዙ ጊዜ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

ግን ጸሐፊው የዘነጉት ሌላኛው ወገን አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2018 ምሽት ሪዮ ዲ ጄኔሮ ያለው የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ተቃጠለ። 20 ሚሊዮን የሚደርስ ስብስብ ነበረው፣ አብዛኛው ወደመ። ተናጋሪ ያጡ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች በድምፅ ተቀድተው የተቀመጡት እዚያ ነበር። ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበረው በዚያው ቀረ። የጅሬኑ ቤተ መንግሥት በአብዛኛው እንጨት ነው። እኔ ሌሊት የሚያባንነኝ ራይሲዳ ሳይሆን ሻማ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቅጂ እንዲበዛ ነው። አንዱ ጅማ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ደግሞ ገመዱ ተነቅሎ ካዝና ውስጥ የተቆለፈ፣ ቫይረስ የማይደርስበት። በየስድስት ወሩ ደግሞ አውጥቶ መሞከር። የወረቀቱን መዝገብም አትጣሉት። ስካን አድርጉትና በክብር አስቀምጡት። እኔ ያጎነበስኩበትን ማን ይጥላል?

አራተኛው፣ ሌባ ዝርዝሩን ያያል የሚለው ነው። ሌባ ዝርዝር አያይም አልልም። አብልጦ የሚወደው ግን ዝርዝር ውስጥ የሌለውን ዕቃ ነው። እዚያው ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ወደ 2,000 የሚጠጉ ዕቃዎች ጠፍተዋል፣ ተሰርቀዋል ወይም ተጎድተዋል ብሎ ለመናገር ተገደደ። ብዙዎቹ በወጉ ያልተመዘገቡ ትንንሽ ጌጦች ነበሩ። ያልተመዘገበ ዕቃ ቢጠፋ ማን ጠፋ ይላል? ከዚያ በኋላ ሙዚየሙ ዝርዝሩን ልደብቅ አላለም። ስብስቤን በሙሉ በ5 ዓመት ዲጂታል አደርጋለሁ አለ።

ከእኛው ሀገር ደግሞ በ1989 ከላሊበላ የተሰረቀውን አፍሮ አይገባ መስቀል አስታውሱ። ከሀገር ወጥቶ ከዓመታት በኋላ ተመልሷል። አፍሮ አይገባን የማያውቀው የለም፣ አይቶ ይህ የእናንተ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። የእኔን 47 ቁጥር በርጩማ ማን ያውቀዋል? ጅማ የበርጩማ ሀገር ናት። አዲስ ገዝቶ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ ጭስ ላይ አክርሞ፣ ከሥሩ 47 ብሎ በነጭ ቀለም ጽፎ መተካት ለአንድ ቀልጣፋ ሰው የአንድ ወር ሥራ ነው። መዝገቡ ሲታይ «የእንጨት፣ ደህና» ይላል። እውነትም የእንጨት ነው፣ እውነትም ደህና ነው።

እርግጥ ሁሉም ነገር ለሁሉም ሰው መታየት የለበትም። የዕቃው ፎቶና ታሪኩ ለሕዝብ፣ የተቀመጠበት መደርደሪያ ለሁለት ሰው። በግል ቤት ያሉ ቅርሶች ላይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጁ ቅርስ ያለው ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል። አስመዝግቦ ስሙና ሰፈሩ አደባባይ ቢወጣ ግን ቤቱን ለሌባ ጠቆምንበት ማለት ነው። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ሥርዓቱን የሚሠሩት ሰዎች ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን ዘርግተው ይሥሩ። ጸሐፊው ይህን ብለው ቢሆን አጨበጭብላቸው ነበር።

አምስተኛው ላይ እውነተኛ ቁስል ነክተዋል። አዲስ አበባ ይወስድብናል። ለጥናት ተብሎ ሄዶ የቀረ፣ ለኤግዚቢሽን ተብሎ ሄዶ የቀረ ዕቃ ታሪክ ቡና ላይ ሲነሳ እኔም ሰምቻለሁ። ግን መረጃ ሲላክ በርጩማው አብሮ አውቶቡስ አይሳፈርም። እስቲ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዝተዋል። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። የግል ዕቃዎቻቸው ከተማ ውስጥ ጅማ ሙዚየም ይታያሉ። በየቤተሰቡ እጅ ያለው አለ። ስለ ጅማ የሚናገር ሰነድ ደግሞ ወመዘክርም አለ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አለ። ዛሬ አንድ የጅማ ተማሪ እዚያ ምን እንዳለ ለማወቅ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ደርሶም «ደብዳቤ አምጣ» ይባላል። የጋራው ሥርዓት ቢኖር ጅማ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ያኔ ማን ከማን ወሰደ ሊባል ነው?

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ሳያነሱት ያለፉት፣ ቢያነሱት አፌን የሚያስይዘኝ ነጥብ አለ። እኔው ላንሳው።

በአንድ ወቅት፣ እንደገና ስሙ ይቅርና፣ ከላይ የተሠራ ሥርዓት መጣልን። ፎርሙ ያምራል፣ ቀለሙ ያምራል። አንድ ቀን ጳጉሜን 3 የገባ ጋሻ ስመዘግብ ወር የሚለው ላይ 13 ብዬ ጻፍኩ። ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ። ወር ከ1 እስከ 12 ብቻ ነው ይለኛል። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሞ ቀላ። የሠሩት ሰዎች ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ትሑት ነው። «በፈረንጅ ቀይረው ያስገቡት ጋሼ» አለኝ። ደረሰኙ በእኛ አቆጣጠር፣ መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር፣ ዕቃውን ያመጡት ሰውዬ የሚያስታውሱት በእኛ አቆጣጠር። አለቃዬ ሰልችቷቸው «ነሐሴ 30 በላትና እንሂድ» አሉ። አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜን የገባ ዕቃ ሁሉ ነሐሴ 30 ገባ። አንድ ቀን የሆነ ተመራማሪ ያን መረጃ አይቶ፣ እነዚህ ሰዎች ነሐሴ 30 ምን ያጣድፋቸው ነበር ብሎ ወረቀት ይጽፍበት ይሆናል።

ፊደሉም ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ «ሥዕል» ብሎ ያስገባል፣ ሌላው «ስዕል»፣ ሦስተኛው «ስእል»። ኮምፒውተሩ ሦስት የተለያየ ነገር ይመስለዋል። «ዓርማ» ብለህ ብትፈልግ «አርማ»ን አያመጣልህም። «አባ ጅፋር» በእኛ ፊደል ሲጻፍ ባ ትጥበቅ አትጥበቅ አይታይም። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ግን የጠበቀው ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል። አንድ ንጉሥ ሁለት ሰው ሆነው ቁጭ ይላሉ። ይህን የሚያስተሳስር የስም ዝርዝር ካልተሠራ፣ ኦሮምኛና አማርኛው እኩል ቦታ ካልተሰጣቸው፣ ሂጅራውና ጳጉሜን ካልገቡ፣ ሥርዓቱ 47 ቁጥርን ከጅማ አንስቶ ሀገር አቀፍ ነው የሚያደርገው።

ለዚህ ነው የጸሐፊው መልስ የማይዋጥልኝ። አንገባም ካልን ፎርሙ ያለ እኛ ይሠራል፣ የሚሠራው ሰው ደግሞ ጳጉሜንን ይረሳታል። እኔ የምለው ገብተን እንጨቅጭቅ ነው። ፎርሙ ሲረቀቅ ከጅማ ሰው ይቀመጥ። የሙዚየም ሠራተኛ ይቀመጥ፣ ዐረብኛ የሚያነብ ሼኽ ይቀመጥ፣ በርጩማ የሚፈለፍል ባለሙያም ይቀመጥ። ዋንዛና ጥድን በፎቶ የሚለይ ባለዲግሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

ስድስተኛው፣ ሥራ ያሳጣል የሚለው፣ ብዙ አያስኬድም። አንድ በርጩማ መለካት፣ በአራት በኩል ፎቶ ማንሳት፣ በሁለት ቋንቋ ስሙን መጻፍ፣ ያመጣውን ሰው ታሪክ መጠየቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል። መጋዘኑን አስቡት። ሰው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በጎን ያነሱት የሶፍትዌር ዋጋም እንደዚሁ ነው። ለቤተ መጻሕፍት የሚሆነው ኮሃ እ.ኤ.አ. በ2000 ኒውዚላንድ ውስጥ ሥራ ከጀመረ ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ለሙዚየምም ነፃ የሆኑ አሉ። ገንዘብ የሚፈልገው ካሜራው፣ ዲስኩና የሰው ደመወዙ ነው። ለዚያ ብንጮህ ይሻል ነበር።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት ወረቀት ሰው ሰው ይሸታል በሚል ነው። ይቺ ነገር አንድ ቀን አስታወሰችኝ። ከጅማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አንድ አዛውንት ዘንድ ለምዝገባ ሄድን። መጀመሪያ ቡና ተፈላ፣ ሦስተኛው ሳይጠጣ ወሬ የለም። ከዚያ ከጓዳ የቆዳ ማኅደር አመጡ። በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት መጻሕፍት አወጡ፣ ከአያታቸው የወረሷቸው። አንድ በአንድ ገለጡልን። መዝገቡን አውጥቼ መጻፍ ስጀምር «የእኔም ስም ይጻፋል?» አሉኝ። ይጻፋል አልኳቸው። የአባታቸውን፣ የአያታቸውንም አስጻፉኝ። ገጹ አልበቃ ብሎ ጽሑፉን ጠርዙ ላይ አጠፍኩት።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጎልማሳ ቢሮ መጣ። የእኚያ አዛውንት ልጅ ነው። አባቱ አርፈዋል። መጻሕፍቱን ወንድማማቾች ሲካፈሉ ስንት እንደነበሩ አለመግባባት ተፈጥሯል። «አባቴ እዚህ አስመዝግቦ ነበር። ማየት ይቻላል?» አለ። እንዴታ፣ ይቻላል። መዝገቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ ልጅ ይዞት ሄዷል። ደወልንለት፣ ስልኩ ዝግ ነው። ልጁ «ከሰዓት ልመለስ?» አለን። ተመለስ አልነው። ከሰዓት እሱ ተመለሰ፣ ቁልፉ ግን አልተመለሰም።